ሐዳሳና የአስፋልቱ ፈረሶች

የእኛ አገር ሰው ፈረስ ይወዳል ሲባል ስሰማ ሳቄ ይመጣል። አዎ፣ ይወዳል። ለቅሶ ላይ ይወዳል፣ ፎቶ ሲነሳ ይወዳል፣ የአያቱን ፈረስ ጀግንነት ሲያወራ ይወዳል። ፈረሱ አርጅቶ፣ ጀርባው ተልጦ ማነከስ ሲጀምር ያ ሁሉ ፍቅር የት እንደሚገባ ግን እኔን ወርቅዬን ጠይቁኝ። የወፍጮ ቤቴ በር ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ ቆሜ ያላየሁት ጉድ የለም።

ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው ሲያልቅ፣ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች አሉ። ድሮ ባለቤት ነበራቸው። ጋሪ ጎትተዋል፣ እህል ተሸክመዋል፣ ሽማግሌ ገበያ አድርሰዋል። ከዚያ ባጃጅ መጣ፣ ሞተር ሳይክል መጣ፣ ፈረስ ገዢ አጣ። አርዶ እንዳይበላው ነውር ነው፣ ገድሎ እንዳይቀብረው ኃጢአት ነው። ስለዚህ ጨዋው የአገሬ ሰው ልጓሙን ያወልቃል፤ ልጓሙ ይጠቅማላ! ከዚያ ፈረሱን ቂጡን መታ አድርጎ "ሂድ፣ እግዜር ይጠብቅህ" ይለዋል። እግዜር ሥራ የፈታ መስሎታል።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰባት ሆኑ። መጀመሪያ በየሰው ደጃፍ እየቆሙ ይለምኑ ነበር። በድንጋይ ሲባረሩ ሰው መፍራት ጀመሩ፣ ቆይተው ደግሞ ጭራሽ አውሬ ሆኑ። የሚጠጋቸውን ይራገጣሉ፣ ይናከሳሉ። ቀን ቀን ከባሕር ዛፉ በታች ያለው ረግረጋማ ሜዳ ላይ ይውላሉ፤ ዝንብ ሲያስመርራቸው ደግሞ አስፋልት መሃል ይቆማሉ። አይሱዙ በአጠገባቸው ሲያልፍ ንፋሱ ዝንቡን ያባርርላቸዋል፣ ሹፌሩ ጥሩንባውን ቢያምባርቅ ንቅንቅ አይሉም። የከተማው ሰው "የዱር ፈረሶች" ይላቸው ጀመር። ከዱር የመጡ ይመስል! ከማን ግቢ እንደወጡ እያንዳንዱ ያውቃል።

እኔም ከማንም አልሻልም። ፉርሽካዬን ሊበሉ ሲመጡ በመጥረጊያ እንጨት ነበር የማባርራቸው። ይህን ብደብቅ ሐዳሳ ታጋልጠኛለች፣ ስለዚህ ራሴው ተናገርኩት።

ሐዳሳ የመምህርት ሂሩት ልጅ ናት። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እልኸኛ። አባቷ ሾኔ ነው የሚያስተምረው፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። እናቷ ሂሩት ደግ ሴት ናት፤ ችግሯ መምህር መሆኗ ነው። መምህር ልጅ አይወልድም፣ የፈተና ውጤት ነው የሚወልደው። ልጅቷ ከጎረቤት ልጆች ጋር እንዳትጫወት፣ ከገበያ እንዳታመሽ፣ ጭቃ እንዳትነካ እየተባለች ነው ያደገች። እንግዲህ አንድ ቀን ይቺው ልጅ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ቆመች።

"እትዬ ወርቅዬ፣ መሬት ላይ የፈሰሰውን ፉርሽካ ልጥረግልዎት?"

"ለምን? ቤታችሁ መጥረጊያ ጠፋ?"

"ጠርጌ ልወስደው ነው። ለፈረሶቹ።"

"የትኞቹ ፈረሶች?"

"ለሰባቱ" አለች።

ሳቄን ለቀቅኩት። ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁት ሴቶችም ሳቁ። "እነሱ ይበሉሻል እንጂ ፉርሽካሽን አይበሉም" አልኳት። መጥረጊያውን አነሳች፣ ወለሉን አንድ ጥግ ሳታስቀር ጠረገች፣ በፌስታል ሞልታ ሄደች። በማግስቱ መጣች። በሦስተኛውም ቀን። ወፍጮ ቤቴ ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም፤ እኔ ምን ቸገረኝ ብዬ ተውኳት።

ደጃፌ ላይ ሆኜ የምትሠራውን ሳይ ግን ቆሽቴ ያርር ነበር። ፉርሽካውን ሜዳው ላይ ታፈሳለች፣ ከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ ለፈረሶቹ ጀርባዋን ሰጥታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች! አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ ሄጄ "አንቺ ልጅ፣ ከኋላሽ መጥተው ጭንቅላትሽን ቢሉሽስ?" አልኳት።

"ካየኋቸው አይመጡም፣ እትዬ" አለች በሹክሹክታ። "ሰው ሲያያቸው ሊመታቸው ነው የሚመስላቸው። ካላየኋቸው ይመጣሉ።"

እኔ ልጅ ሆኜ ፈረስ ባለበት ቤት ነው ያደግሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ። ዝናብ ቢዘንብ ላስቲክ ደርባ ትቀመጣለች። ሁለት ወር ሙሉ ፈረሶቹ ፉርሽካውን በልተው ከመሄድ በቀር ልብም አላሏት። ልጆች ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው "የፈረስ ሚስት!" እያሉ ይጮሁባታል፣ እሷ ሒሳቧን ትሠራለች። በሦስተኛው ወር አንዷ ባዝራ ከመንጋው ተለየች፣ ቀስ እያለች መጥታ ከኋላዋ ቆመች፣ አንገቷን በትከሻዋ በኩል አሳልፋ የዜግነት ትምህርት ደብተሯን ግማሽ ገጽ ቀድዳ በላች። ሐዳሳ አልጮኸች፣ አልዞረች። ቀሪውንም ገጽ ገንጥላ ሰጠቻት። ማታ ከእናቷ የደረሰባትን ቁጣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ያቺን ባዝራ እኔ ከሐዳሳ በፊት አውቃታለሁ። ቀይ ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተሰነጠቀ ነው። የጋሽ ዳኘ ባዝራ ናት።

ፈረስ የሚወድ ሰው የለም ብያለሁ፤ ጋሽ ዳኘን ሳልጨምር ነው። እሳቸው ገብስ ሊያስፈጩ ሲመጡ እኔን ሰላም ከማለታቸው በፊት ባዝራቸውን ውኃ ያጠጡ ነበር። "ዳማ" ብለው ሲጠሯት ከገበያው ጫፍ ትሰማለች። ከአራት ዓመት በፊት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸውና ልጃቸው ጴጥሮስ ሆሳዕና ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ጴጥሮስ ሆሳዕና ትልቅ ቢሮ ያለው፣ መኪና የሚነዳ፣ ከከምባትኛ ይልቅ አማርኛ መናገር ክብር የሚመስለው ሰው ነው። የአባቱን ቤት ቆለፈ፣ ከብቶቹን ሸጠ። ዳማን የሚገዛ ሲያጣ ለአንድ ጋሪ ነጂ ሰጣት። ጋሪ ነጂው ሲሚንቶ ጫነባት፣ ጀርባዋ እስኪላጥ። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ እዚሁ ደጃፌ ላይ ልጓሟን አወለቀ።

"ኧረ ለባለቤቷ መልስ!" አልኩት።

"ደውዬለት ነበር፣ 'እንደ ፈለግህ አድርጋት' አለኝ" ብሎ ልጓሙን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ አልፏል! የአባቱ ፈረስ መንገድ ላይ ቆማ ያያታል፣ ጥሩንባ ይነፋባታል፣ ዞሯት ያልፋል። አንድ ጊዜ ጋሽ ዳኘን ልጠይቅ ሆሳዕና ሄጄ ነበር። አልጋ ላይ ሆነው በተሳሰረ አንደበት "ወርቅዬ፣ ዳማን አይተሻት ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አፌን ሳልከፍት ጴጥሮስ ከራስጌ ሆኖ "ጎረቤት ጋ ናት አባዬ፣ ገብስ ነው የምትበላው" አለ። ዓይኑን በጨው ያጠበ! እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ሽማግሌው ደስ አላቸው። እስከ ዛሬ ያቺ የነቀነቅኳት ጭንቅላቴ ታሳፍረኛለች።

ይህን ለሐዳሳ ነገርኳት፤ ስሟን ያወቀችው ከእኔ ነው። "ዳማ" ብላ ስትጠራት ባዝራዋ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆመች አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን የሚመልሳት አልተገኘም። የባዝራዋን ቁስል በጨው ውኃ ታጥባለች፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ለምና ያመጣችውን ቅባት ትቀባለች። ከገበያ የእንሰት ቅጠል ትሰበስባለች። ገመድ አንገቷ ላይ አስራ አታውቅም፤ እጇን ጋማዋ ላይ ታደርጋለች፣ አብረው ይሄዳሉ። ሌሎቹ ስድስቱ ከሩቅ ይከተላሉ። ዓመት ከመንፈቅ እንደዚህ ሆነ። ቁስሉ ዳነ፤ ቆዳው ግን ጠጉር አላበቀለም፣ የሰው መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ራቁት ጠባሳዎች ጀርባዋ ላይ ቀሩ።

ባለፈው ጥር ጋሽ ዳኘ አረፉ።

የእኛን አገር ወግ ለማያውቅ፣ ፈረስ ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱ ይለቀስበታል። ኮርቻ ይጫንበታል፣ የሟቹ ጋቢ ከላይ ይደረጋል፣ ሰው ሳይቀመጥበት በለቀስተኛው ፊት እየተመራ የለቅሶውን ሜዳ ይዞራል፣ አስከሬኑንም ቀድሞ ወደ መቃብር ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያናችን ፉከራውን፣ ደረት መምታቱን አስትታናለች፤ ፈረሱን ግን ማንም አልተወም። ፈረሰኛ ሰው ያለ ፈረስ ከተቀበረ ልጆቹ ሰው ፊት አይቆሙም።

ጴጥሮስ ይህን ያስታወሰው ድንኳኑን ካስተከለ፣ ምግቡን ካዘዘ፣ ትልቅ ባነር ካሳተመ በኋላ ነው። ባነሩ ላይ ያለው ፎቶ ምን ይመስላችኋል? ጋሽ ዳኘ በዳማ ላይ ተቀምጠው! እና ለቀስተኛው በማግስቱ ሊመጣ እሱ በዋዜማው አራት ጎረምሶችና አንድ ጥቅል ገመድ በባጃጅ ጭኖ ሜዳው ላይ ደረሰ፤ በሚያብለጨልጭ ጫማ።

እኔ ወንበሬን አውጥቼ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ትያትር በየቀኑ አይገኝም። ጎረምሶቹ ከግራ ሲከቡ ፈረሶቹ በቀኝ ይወጣሉ፣ በቀኝ ሲሮጡ በግራ። አንዱ ጭኑን ተረገጠና ቁጭ አለ። ጴጥሮስ ራሱ "እንዲህ ነው የሚያዝ!" ብሎ ገመዱን ነጥቆ ገባና ረግረጉ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ፤ እግሩን ሲያወጣ አንዱ ጫማ እዚያው ቀረ። እሰይ! ጌታ ይቅር ይበለኝና በሰው ሐዘን ሳቅኩ።

የምትይዛት ልጅ እንዳለች የነገረው የባጃጁ ሹፌር ነው። ሐዳሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጴጥሮስ በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ይጠብቃታል።

"ሚጡ፣ ያቺን ቀይዋን ነገ ለቅሶ ቤት ታመጪልኛለሽ። የአባቴ ፈረስ ናት" አላት።

"ከለቅሶው በኋላስ?" አለች ሐዳሳ።

"ከለቅሶው በኋላ ምን?"

"የት ትሄዳለች?"

"ሾኔ ጋሪ ያለው ሰው አለ፣ እሱ ይወስዳታል። እዚህ መንገድ ላይ ቆማ አደጋ ታመጣለች።" እንደ ውለታ ነው የተናገረው።

የሐዳሳ ከንፈር ነጣ። "እንቢ" አለች። ከዚያች ልጅ አፍ እንቢ ሲወጣ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

"እንቢ? ንብረቴን?"

"ንብረትህ ከሆነች ሂድና ያዛት፤ አንድ ጫማ ቀርቶሃል" አልኩት እኔ።

እሱ ግን ተንኮል አያልቅበትም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሂሩት ቤት ሄደ። ሂሩትም እንደ ማንኛችንም ለቅሶ ከተባለ ወገቧ ይቆረጣል። ለለቅሶ ድስት ይሰጣል፣ ወንበር ይሰጣል፣ ጉልበት ይሰጣል፤ ለለቅሶ እንቢ ያለ ቤት ነገ የራሱን ሬሳ ብቻውን ይሸከማል። ልጅቷን ጠርታ "ሐዳሳዬ፣ ሌላ ነገር ቢሆን አላስገድድሽም። ይሄ የለቅሶ ነገር ነው። ያንቺ ፈረስ አይደለችም፣ የሰውየው ናት" አለቻት። ሐዳሳ አለቀሰች። እኔም ሄጄ ለመንኩ፤ ሂሩት ራሷ እንባዋን እየጠረገች "ምን ላድርግ ወርቅዬ?" አለችኝ። ልጅቷ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ኮርቻ እንዳይጫንባት። ጴጥሮስ ማለ፣ ተገዘተ። "ጋቢ ብቻ" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን፣ ሐዳሳ፣ ዳማና እኔ፣ ወደ ጋሽ ዳኘ ግቢ ወረድን። አርባ ደቂቃ ያህል መንገድ ነው። ልጅቷ እጇን ከጋማዋ ላይ አላነሳችም። መንገድ ላይ ፈረሷን ስታይ ዓይኗ ይሞላል። እኔ ልቤ እንዲህ ተሰብሮ አያውቅም፤ ያን ሰው አፈር ባስበላው ደስ ይለኝ ነበር።

ግቢው በሰው ተጨናንቋል። ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ድምፅ ማጉያ፣ ባነር፣ ምኑ ቅጡ! ጴጥሮስ አዲስ ጫማ አድርጎ የሕይወት ታሪክ ያነባል፤ አማርኛ በማይሰሙ አሮጊቶች ፊት በአማርኛ። "አባታችን እጅግ የሚወዷትን ፈረሳቸውን በገብስና በክብር ስንንከባከብ ቆይተናል" ሲል እኔ ባለሁበት ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሁለት ሦስት ሰው ዞሮ አየኝ።

ንባቡ አልቆ ዳማ ስትቀርብ ጎረምሶቹ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ኮርቻ ይዘው መጡ።

"ቃል ገብተዋል!" አለች ሐዳሳ።

"ዞር በይ ሚጡ፣ ሰው እያየ ነው" አላት ጴጥሮስ በጥርሱ መሃል።

ኮርቻው ጀርባዋን ገና ሲነካት ዳማ ሁለት እግሯን አንስታ ቆመች። ወንበር ተገለበጠ፣ ሴቶች ጮኹ፣ ኮርቻው እዚያ ጋቢው እዚህ ወደቀ። ሐዳሳ ሮጣ አንገቷን አቀፈች፤ ባዝራዋ እየተንቀጠቀጠች ጸጥ አለች። ጋሽ ወልደ ሰንበት ከተቀመጡበት የተነሱት ያን ጊዜ ነው። ከሟቹ ጋር ወጣትነታቸውን በፈረስ ላይ የጨረሱ፣ ለቅሶውን የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው። በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ፣ መዳፋቸውን በአንዱ ጠባሳ ላይ አኖሩ፣ ከዚያ በሁለተኛው ላይ። ጥርሷን አዩ፣ ሰኮናዋን አዩ። የተሰነጠቀ ጆሮዋን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ሰውየው ፈረስ እንደ መጽሐፍ ነው የሚያነቡት።

"ይቺን ፈረስ" አሉ በከምባትኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ "ያለ ጭነት ልብስ ሲሚንቶ ያስጫናት ሰው ማን ነው? ጌታዋ ማን ነው?"

ጴጥሮስ ፊቱ አመድ መሰለ። "የአባቴ ናት" ቢል አሁን ያነበበው ክብርና ገብስ ጉድ ሊሆን ነው። ቀና ብሎ ሰዉን አየ፣ ከንፈሩን አራሰ።

"ይቺ... ይቺ የአባቴ አይደለችም" አለ። "የአባቴማ በክብር ተይዛ ቆይታ ዓምና ሞታብናለች። ይቺን ለወጉ ያህል ከመንገድ ነው ያስመጣናት።"

"ያንተም፣ የቤታችሁም አይደለችም?"

"አይደለችም።"

"ሕዝብ እየሰማህ ነው፣ ጴጥሮስ።"

"አላውቃትም አልኩ እኮ!"

ይህን ሁሉ የሚለው ከባነሩ ሥር ቆሞ ነው። ከራሱ በላይ ጋሽ ዳኘ በዚያችው ግንባረ ነጭ፣ ጆሮዋ በተሰነጠቀ ባዝራ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት "ዶሮ አልጮኸም እንዴ?" ስትል ሰማሁ፤ አጠገቧ ያሉት ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ።

ከዚያ የሆነውን ግን ማንም አላዘጋጀውም። በሁካታው መሃል የሐዳሳ እጅ ላላ ብሎ ኖሮ ዳማ ብቻዋን መራመድ ጀመረች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ድንኳኑን አለፈች፣ አዲሱን የቆርቆሮ ቤት አለፈች፣ በጓሮ በኩል ወዳለው አሮጌው የሣር ቤት ሄደች። በሩ ክፍት ነበር። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ገባች። በቀኝ በኩል፣ ጋሽ ዳኘ ከመኝታቸው ሆነው እንዲያዩዋት ያስሯት የነበረበት ቦታ ላይ ቆመች፤ አፏን ባዶው ግርግም ውስጥ አደረገች። አራት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አላኖረበትም።

በዚያ ለቅሶ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከልቡ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ አሮጊቶቹ "ዳኘ! ዳኘ!" ብለው ተነሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ያቺን የነቀነቅኳትን ጭንቅላቴን እየመታሁ። ጴጥሮስ መሬት መሬት ያያል። አሁን "የአባቴ ናት" ማለት አይችልም፤ ሦስት ጊዜ ክዷል፣ አምስት መቶ ሰው ሰምቷል።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ወደ ሣር ቤቱ በር ተጠግተው ሐዳሳን ጠሩ። ልጅቷ ሁሉ ነገር ያለቀ መስሏት በመዳፏ ፊቷን ሸፍና ነበር።

"ልጄ፣ ይቺን ቁስል ያዳነው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"የምታበላትስ?"

"እኔ... እና እትዬ ወርቅዬ ፉርሽካ እየሰጡኝ።"

ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "የሟች ልጅ አላውቃትም ብሏል፤ ቃሉን ተቀብለናል። እንግዲህ ጌታዋ እዚህ የቆመችው ልጅ ናት።" ከዚያ ነጭ ጢማቸውን ይዘው ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጎንበስ አሉላት። "እመቤት፣ ወዳጄን ያለ ፈረስ መሸኘት አልችልም። ፈረስሽን ለዛሬ ታውሺናለሽ?"

ሐዳሳ እናቷን ፈለገች። ሂሩት ከሴቶቹ መሃል ሆና በሁለት እጇ አፏን ይዛለች፤ በጭንቅላቷ ብቻ "እሺ በይ" አለቻት።

"እሺ፣ አባባ" አለች ሐዳሳ። "ግን ኮርቻ የለም።"

"ኮርቻ የለም" አሉ ሽማግሌው።

ልጅቷ ገብታ ዳማን በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት፤ አብረው ወጡ። የጋሽ ዳኘ ጋቢ ጀርባዋ ላይ ቀስ ተብሎ ተደረገ። ሐዳሳና ዳማ ከፊት፣ አስከሬኑ ከኋላቸው፣ ጴጥሮስ ከአስከሬኑ ኋላ አቧራቸውን እየዋጠ ተከተለ። ከመቃብሩ ስንመለስ ጋሽ ወልደ ሰንበት በምርኩዛቸው ጫፍ ጎኑን ነካ አደረጉት። ድንኳን ያዋሰ፣ ድስት ያዋሰ ሁሉ ሲመሰገን ፈረስ ያዋሰ ሊቀር አይችልም፤ ወጉ ነው። በከምባትኛ እንዲሆንም አዘዙት።

ጴጥሮስ ሐዳሳ ፊት ቆመ። ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። "ፈረስሽን ስላዋስሽን እግዚአብሔር ይስጥልን" አለ።

ሐዳሳ ክፋት የላትም፤ እናቷ በሥርዓት ነው ያሳደገቻት። እጇን ከጋማው ላይ ሳታነሳ አንገቷን ደፋ አደረገች።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለችው። "ሌላ ጊዜም ፈረስ ከቸገረዎት ይንገሩኝ፣ አውስዎታለሁ።"